ባለቤት ነኝ ባይ

ክለቡን የሸጠው አባቴ ነው ብዬ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አምኜ ኖሬአለሁ። ማንም አልዋሸኝም። ማለቴ፣ ከአንድ ሰው በቀር ማንም አልዋሸኝም። ነገሩ ሁሉ የተጠነሰሰው ከአንዲት ቃል ነው፤ ያቺ ቃል ደግሞ ማንበብ የተማርኩባት ናት።

አባዬ ልብስ ሰፊ ነበር። ሱቁ የቤታችን የፊተኛው ክፍል ነው፤ ከመኝታችን የሚለየው አንድ መጋረጃ ብቻ ነበር። ሜትሩ ከአንገቱ አይወርድም፣ ጠመኔው ከጆሮው ላይ አይጠፋም። አንድ ጊዜ ሜትሩን እንዳንጠለጠለ ሠርግ ቤት ገብቶ እማዬ በኀፍረት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብላለች። ሱሪ ያሳጥራል፣ ኮሌታ ይገለብጣል፣ የተተረተረ ይጠግናል፤ የምንተዳደረው በዚህ ነው። ነፍሱ ግን ያለችው የከተማችን የእግር ኳስ ክለብ ዘንድ ነበር። ደጋፊው የሚያውለበልበው ወይን ጠጅና ነጭ ባንዲራ፣ አንገቱ ላይ የሚጠመጥመው ሻርፕ፣ አጥሩ ላይ የሚሰቅለው ጨርቅ ሁሉ ከሱ እጅ የወጣ ነው። ጨርቁን ከደንበኛ ትርፍራፊ ያጠራቅማል፣ ለእጁም ምንም አይቀበልም።

ስምንት ዓመቴ ላይ አንድ ረጅም ጨርቅ ሰፋ። ፊደሎቹን ነጭ አቡጀዲ ላይ በጠመኔ ሳላቸው፣ ቆረጣቸው፣ መሬት ላይ በተራ ዘረጋቸው። አሥራ አራት ፊደል ነበሩ። እኔ እያነሳሁ አቀብላለሁ፣ እሱ ይሰፋል። አፉ ውስጥ ስፒል ሞልቶበት ነው የሚያወራው።

«ባ-ን አምጪ። አሁን ለ-ን። ጎበዝ! ቤ-ን። ት-ን። ምን ይላል?»

«ባ...ለ...ቤት!»

«የኔ አንበሳ! ሙሉው ምን ይላል መሰለሽ? የክለቡ ባለቤት ደጋፊው ነው።»

«ባለቤት ምንድነው አባዬ?»

የስፌት መኪናውን አቆመና አየኝ። «እናትሽ ስለኔ ለሰው ስታወራ ምን ትለኛለች?»

«ባለቤቴ።»

«እንግዲያው እሱ ነዋ!» ብሎ ስፒሉን እንዳይውጥ ከንፈሩን ገጥሞ ሳቀ።

ለሱ ቀልድ ነበር። ለኔ ግን ነገሩ አለቀ፣ ደቀቀ። ደንበኛ መጥቶ ሲጠይቅ እማዬ «ባለቤቴ ክር ሊገዛ ወጥቷል» ትላለች። ጨርቁም በትልልቅ ፊደል የክለቡ ባለቤት ይላል። ሁለቱን ደመርኳቸው። አባቴ የእናቴም የክለቡም ባለቤት ነው ማለት ነው። ትምህርት ቤት አስተማሪያችን የወላጆቻችንን ሥራ በየተራ ስትጠይቅ ብድግ ብዬ «አባቴ የክለቡ ባለቤት ነው» አልኩ። አስተማሪዋ ዓይኗን ወደ እግሬ ጣል አድርጋ «ታዲያ ጫማሽን እንኳ አያሰፋልሽም?» አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ቅንጣት አልከፋኝም፤ አባዬ እኮ የሚሰፋው ልብስ ነው፣ ጫማ አይደለም።

እሑድ ከሰዓት ሜዳ ይዞኝ ይሄዳል። አጥሩ ሥር በአፉ የተደፋ በርሜል አለ፤ እሱ ላይ ይወጣና ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ፊቱን ወደ ደጋፊው ያዞራል። ጡሩምባው ነው የሚሉት፣ በድምፁ። ያን ሁሉ ዓመት ደግፎ አንድ ጎል እንኳ በቅጡ አይቶ አያውቅም። ወደ ቤት ስንመለስ ጓደኛውን ፀጉር አስተካካዩን «ማነው ያገባው? በግራው ነው በቀኙ?» እያለ ይጠይቃል። ሁለት እጁን ሲያነሳ ያ ሁሉ ሕዝብ ይነሳል። መዳፉን ወደ መሬት ሲያደርግ ሕዝቡ ጸጥ ይላል፤ የሕፃን ለቅሶ ይሰማል። እኔ ፀጉር አስተካካዩ ትከሻ ላይ ሆኜ ይህን ሳይ ልቤ ቅቤ ይጠጣል።

አንድ ነገር ብቻ ግራ ይገባኝ ነበር። አባዬ «ባለቤቱ!» ሲል ሕዝቡ «ይውረድ!» ይላል። ለምን ራሱን ይውረድ ያስብላል? ግን ጨዋታው ሲያልቅ አባዬ እውነትም ከበርሜሉ ይወርዳል። ስለዚህ ልክ ነው አልኩ።

ከሜዳው ማዶ፣ ጣሪያ ካለው በኩል፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ ቀጭን ሰውዬ ለብቻው ይቀመጣል። ላቡን በመሐረብ ይጠርጋል። የታመመ ይመስለኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ያ ሰውዬ ማነው?» አልኩት ፀጉር አስተካካዩን።

«እሱማ ባለቤት ነኝ ባይ ነው!» አለና እንትፍ አለ።

ባይ ነው። አይደለም ማለት ነው። አሳዘነኝ፤ ሰው እንዴት የሰው ክለብ የኔ ነው ይላል?

የዚያ ቀጭን ሰውዬ ሀብት ምን ያህል እንደነበር ያወቅኩት ትልቅ ሆኜ ነው። የከተማው ሲሚንቶ ፋብሪካ የሱ ነው፤ የጭነት መኪኖቹም፣ የሜዳው መሬት ካርታም በሱ ስም ነው። እሑድ ይውረድ ይውረድ ሲል የሚውለው ሕዝብ ግማሹ ሰኞ ጠዋት አንገቱን ደፍቶ የሚገባው በሱ ፋብሪካ በር ነበር።

በዚያው ዓመት ዝናቡ ካቆመ በኋላ ቤታችን በሰው ይሞላ ጀመር። ወንበር ስለማይበቃ ሰዎቹ ጥቅል ጨርቅ ላይ ይቀመጣሉ፤ እማዬ ሻይ እያመላለሰች «ኧረ ይሄ የሰው ጨርቅ ነው፣ ተነሱ!» ትላለች፣ ማንም አይሰማትም። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ጆሮዬን አቆማለሁ።

«ሜዳውን ሊበላው ነው እኮ!» አለ አንዱ።

«ዓይኑን በጨው አጥቦ! ፎቅ ሊሠራበት ነው አሉ።»

«ተጫዋቾቹንም ሌላኛው ፋብሪካው ያለበት ከተማ ይወስዳቸዋል፤ ክለቡ እዚያ ይሁን ብሏል።»

ሜዳ የሚበላ ሰው ሰምቼ አላውቅም ነበር። ያ ቀጭን ሰውዬ ሣሩን እየነጨ ሲጎርስ ታየኝ። ቢሆንም አልፈራሁም። ባለቤቱ አባዬ እያለ ማን ወደ የት ይወስዳል?

በሳምንቱ የክለቡ ሥራ አስኪያጅ መጣ። የዚያ ቀጭን ሰውዬ ቀኝ እጅ ነው፤ ሲገባ ሽቶው ከሱ ቀድሞ ነው የገባው። ምላሱ ጤፍ ይቆላል። ኮት ማሰፋት ፈልጌ ነው አለ። ወረቀት ላይ ልኬቱን እንድጽፍ አባዬ ጠራኝ፤ በዚያን ጊዜ ቁጥር መጻፍ እችል ነበር።

«ክንድዎን ዘርጋ ያድርጉልኝ ጌታዬ» አለው አባዬ።

«ስማኝ ወንድሜ» አለ ሥራ አስኪያጁ ክንዱን እየዘረጋ። «ሆዴ ሆኖብኝ ነው እንጂ ልቤ ካንተ ጋር ነው። እኔም እኮ የዚህ ከተማ ልጅ ነኝ። ግን በከንቱ ጉሮሮህን ታደርቃለህ። ጌታው ጩኸታችሁን ሬዲዮ የተከፈተ ያህል ነው የሚቆጥረው። እሱ የሚፈራው ምን እንደሆነ ልንገርህ?»

አባዬ ሜትሩን እንደያዘ ቀረ። «ምንድነው?»

«ባዶ ወንበር! ሦስት ጨዋታ ማንም ባይገባበት እመነኝ፣ እግራችሁ ሥር ይወድቃል። ግን ሕዝቡን ማን ያስቀረዋል? እንዲህ ያለ ነገር የሚችል ሰው ያለ አይመስለኝም።»

አባዬ የሰውዬውን ትከሻ ሁለት ጊዜ ለካ፤ እኔም ያንኑ ቁጥር ሁለት ጊዜ ጻፍኩ። ሰውዬው ሲወጣ በሩ ድረስ ሸኘው። ለዚያ ኮት የእጁን ዋጋ አልተቀበለም፤ እማዬ ስትቆጣ ሰምቻለሁ።

እኔ ደግሞ ያን ቀን የሰማሁትን አልረሳሁም። ያ ቀጭን ሰውዬ ሜዳውን በልቶ ከጨረሰ በኋላ ወደኛ ቤት ቢመጣስ ብዬ የደንበኛ መቀመጫውን ጎትቼ በሩ ላይ አቆምኩት። እማዬ ተደናቅፋበት ጉልበቷ ተላጠ።

«ምን ቁርጥ አርጎሽ ነው እዚህ ያስቀመጥሽው?»

«ባዶ ወንበር ይፈራል።»

«ማን?»

«ሜዳውን የሚበላው።»

አባዬ ሳቁን መያዝ አቃተው። ግን ሲስቅ ዓይኑ ሌላ ቦታ ነበር።

በሚቀጥለው ስብሰባ አባዬ ሦስት ጨዋታ አንግባ ብሎ ሐሳቡን አቀረበ። ፀጉር አስተካካዩ ብቻ ነው የተነሳው።

«ቆይ እስቲ፣ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጥቶ ባለቤት ይሆናል እንዴ?»

«ሦስት እሑድ ብቻ ነው የምላችሁ። እኛ ከሌለን ሰውዬው ምን አለው? ኳስና ሣር። ክለቡ እኛ ነን።»

«ይሄን ማን ነገረህ?»

«የሚያውቅ ሰው።»

«የሚያውቀው ሰው ስም የለውም?»

አባዬ ስሙን ላያነሳ ለሥራ አስኪያጁ ቃል ሰጥቶ ነበር፤ የሰውዬውን እንጀራ ማሳጣት አልፈለገም። ሕዝቡ ግን ጡሩምባው ካለ አለ ነው። እጅ ወጣ፤ ፀጉር አስተካካዩም እያጉረመረመ እጁን አወጣ።

ሦስት እሑድ ከአጥሩ ውጪ ቆምን። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ የሚገባ የለም። አባዬ በሩ ፊት ቆሞ መዳፉን ወደ መሬት አድርጓል። ጸጥታው እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ከውስጥ ኳሱ ሲመታ ይሰማል፣ ዳኛው ሲነፋ ይሰማል፣ ተጫዋቾቹ በስም ሲጠራሩ ይሰማል። አንድ ጊዜ የኛ ልጆች አገቡ፤ ብቻቸውን ሲጮኹ ሰማን። ሰው ሁሉ ከንፈሩን ነከሰ። አንድ ሽማግሌ ዞር ብለው አለቀሱ። አባዬ እጁን አላነሳም፣ አፉን አልከፈተም። እኔ ግን ኩራቴ ልክ አልነበረውም፤ ይህን ሁሉ ሰው በር ተከፍቶለት እንዳይገባ ማድረግ የሚችል ከባለቤቱ በቀር ማን አለ?

ካሜራ ያንጠለጠለ ሰው ሲገባ አየሁ። ሦስቱንም እሑድ መጥቷል። የአባቴን ሥራ ፎቶ ሊያነሳ መስሎኝ እጄን አወዛወዝኩለት፤ እሱም አወዛወዘልኝ።

ከሦስተኛው እሑድ በኋላ እግራችን ሥር የወደቀ ሰው አልነበረም። በአሥረኛው ቀን የሜዳው በር ላይ ክለቡ ከከተማው ተነስቷል የሚል ወረቀት ተለጠፈ። በማግስቱ የተጫዋቾቹ አውቶቡስ ሄደ። ከዚያ ጭነት መኪና መጥቶ የጎሉን ብረት ነቅሎ ጫነ፤ ብረቱ ተራ ቧንቧ መሆኑን ያን ቀን ነው ያየሁት።

ሰው መጀመሪያ ወደ ፋብሪካው ነው አሉ የሄደው። ግን ፋብሪካው በር ላይ ዘበኛ አለ፤ ዘበኛው ደግሞ የሁሉንም ስም ያውቃል። ስለዚህ ወደኛ ቤት መጡ፤ እኛ በር ላይ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

«አባትሽን ጥሪ!» አለኝ አንድ ሰው። እሑድ እሑድ አባዬ እጁን ሲያነሳ የሚነሳ፣ ሲያወርድ ዝም የሚል ሰው ነው።

አባዬ ሜትሩን እንዳንጠለጠለ ወጣ።

«ሸጥከን!»

«ሥራ አስኪያጁ ቤትህ ሲመላለስ አላየነውም? ኮት ልትሰፋለት ነው?»

«ስንት በላህ? ንገረን፣ ስንት በላህ?»

አባዬ ሁለት እጁን አነሳ። ማንም ልብ አላለውም። መዳፉን ወደ መሬት አደረገ። ጩኸቱ ባሰ። ፀጉር አስተካካዩ መሀል ገብቶ «እረፉ! ሰውዬው ተታሎ ነው!» ብሎ ጮኸ፤ እሱንም ገፍትረው ጣሉት። ድንጋይ መጣ። የመስኮቱ መስታወት ሥሩ በተዘረጋው የደንበኛ ሱሪ ላይ ረገፈ። እማዬ ከኋላ በልብሴ ጎትታ አስገባችኝና በሩን ቀረቀረችው።

ሁሉም ሲሄድ አባዬ መስታወቱን ከሱሪው ላይ አንድ በአንድ ይለቅም ጀመር። ጣቱ ደምቷል፣ አላወቀም። እኔ አጠገቡ ቆምኩ። የሰማሁት ነገር ሁሉ ልክ መጣልኝ። ክለቡ ተሸጠ። ባለቤቱ እሱ ነው። ታዲያ ሌላ ማን ይሸጠዋል?

«አባዬ፣ ለምን ሸጥከው?» አልኩት።

እማዬ በጥፊ ልትለኝ እጇን አነሳች። አባዬ እጇን አየር ላይ ያዘው። ትክ ብሎ አየኝ። ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር ያኔ አላወቅኩትም፣ ዛሬም በደንብ አልገባኝም።

«ሰለቸኝ ልጄ» አለኝ። «ሰለቸኝና ሸጥኩት።»

ጠላሁት። ስምንት ዓመት ሙሉ የወደድኩትን ያህል ጠላሁት። በማግስቱ ትምህርት ቤት ልጆቹ ከበቡኝና «አባትሽ ነው አሉ ክለቡን የሸጠው?» አሉኝ። የእማዬ ምክር ዝም በይ ነበር። እኔ ግን «አዎ፣ ራሱ ነግሮኛል፤ ሰልችቶት ነው» አልኩ። ልጆቹ ለወላጆቻቸው ነገሩ። እስከዚያ ቀን ድረስ «አይ፣ ሰውዬው ይህን አያደርግም» የሚሉ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ግን የገዛ ልጁ መሰከረችበት ተባለ።

ደንበኛ ቀረ። አንድ ሱሪ ይዞ የሚመጣ ጠፋ። በዓመቱ አባዬ የስፌት መኪናውን ሸፍኖ ፋብሪካው ገባ፤ የሲሚንቶ ኬሻ አፍ መስፋት ነው ሥራው። አዎ፣ የዚያው ሰውዬ ፋብሪካ። በከተማው ሌላ ምን ሥራ አለ? ይሄ ደግሞ ለሰው ማስረጃ ሆነ። «አየህ፣ ውለታውን ከፈለው» አሉ። አቧራው ጉሮሮው ውስጥ ገባና ያ ድምፅ ሄደ፤ ራት ላይ ጨው አቀብሉኝ ሲል እንኳ ደግመን እንጠይቀው ነበር። እኔም ከሱ ጋር የማወራው ሲጠራኝ አቤት፣ ሲልከኝ እሺ ብቻ ነበር።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ታናሽ ወንድሜን ፀጉር ላስቆርጥ ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ወሰድኩት። ሰውዬው አርጅቷል፣ መቀሱ ግን አልዘገየም። የሜዳው ቦታ ላይ የቆመው ፎቅ በመስኮቱ ይታያል። እንደ ዋዛ «አባዬ ባይሸጠው ኖሮ ይሄኔ ጨዋታ ነበር» አልኩ።

መቀሱ ቆመ። «ምን አልሽ አንቺ?»

ደገምኩለት።

«አንቺ ልጅ፣ እስከ ዛሬ እንዲህ ነው የምታስቢው?» አለና ወንድሜን ግማሽ ራሱ እንደተቆረጠ ትቶት መሳቢያውን ከፈተ። ለፌዴሬሽኑ የተጻፈ ደብዳቤ ቅጂ ነበር፤ ከየት እንዳገኘው አልነገረኝም። አንብቤ ጨረስኩ። በደንቡ መሠረት ክለብ ተመልካች እያለው ከከተማው አይነሳም። ተከታታይ ሦስት ጨዋታ በባዶ ሜዳ ከተጫወተ ግን ባለቤቱ ወደ ፈለገው ቦታ መውሰድ ይችላል። ደብዳቤው ይህን ይጠቅስና «የከተማው ሕዝብ ክለቡን የተወው ስለሆነ» ይላል። የባዶ ወንበር ፎቶዎች ተያይዘዋል። የፈረመው ሥራ አስኪያጁ ነው።

«አንድ ነገር ብቻ ነበረን፤ መግባት» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «እሱንም በአባትሽ እጅ ነጠቁን። እሱ ምስኪን ምን ያውቃል!»

ቤት ስደርስ አባዬ ከፋብሪካ ገብቶ እግሩን ይታጠባል። ቅንድቡ ላይ ሲሚንቶ አለ። ደብዳቤውን እንዳነበብኩ ነገርኩት። 

«ለምን ሸጥኩት አልከኝ? ተታለልኩ ብትለኝ ምን ነበረበት? በገዛ አፌ እኮ ነው ያጠፋሁህ! ነገ እሄዳለሁ፣ በየቤቱ ገብቼ እነግራቸዋለሁ!»

እግሩን ከውሃው አወጣ። በዚያች ባለቀች ድምፁ «ቁጭ በይ» አለኝ። ተቀመጥኩ።

«ያን ቀን ከተማው በሙሉ ሌባ ብሎኛል። ሰውዬውና ሥራ አስኪያጁ ደግሞ እንደ ጅል ስቀውብኛል። አንቺ ግን መጣሽና ለምን ሸጥከው አልሽኝ። የሚሸጥ ነገር ያለው ሰው ነው እንዲህ የሚባለው። ከልቡ ባለቤት ነህ ብሎ ያመነልኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ። ለስምንት ዓመት ልጅ ደግሞ አባትሽ ምንም አልነበረም፣ ያ ሁሉ ሰው እጁን አይቶ ሲነሳ ሲቀመጥ ምንም አልነበረም ብዬ እንዴት ልንገራት?»

«አሁን ግን ትልቅ ነኝ። ልንገራቸው።»

«አትነግሪም» አለ። «ጅል ነበር ከሚሉኝ ሌባ ይበሉኝ። ሌባ ቢያንስ አንድ ነገር እጁ ገብቶለት ያውቃል።»

ላቅፈው ፈልጌ ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት ሳንተቃቀፍ ኖረን እንዴት እንደሚጀመር ጠፋኝ። ፎጣውን አቀበልኩት። እግሩን አደረቀ፣ ነገሩም በዚያው ቀረ።

ለማንም አልነገርኩም። ከስድስት ዓመት በኋላ ሳንባው ነው የገደለው። ከተማችን ሄዳችሁ ብትጠይቁ ዛሬም አይጠራጠሩም፤ ክለቡን የሸጠው ልብስ ሰፊው ነው ይሏችኋል።